በጋሽ ኃይሉ ድምፅ የተነበቡ የምሕረት ደብዳቤዎች

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት የተላከ መልእክት ነበር፤ የሐሙሱ ጸሎት ወደ ዓርብ መዛወሩን ይናገራል። ይኸው ነው። ከፊቴ የተሰለፈች አንዲት ወጣት ነርስም ስልኳ ላይ በአማርኛ ትጽፋለች፤ አውራ ጣቷ ይሮጣል፣ ትስቃለች፣ ትልካለች፣ ታክሲው ሲመጣ ስልኩን ኪሷ ትከታለች። ምንም አልመሰላትም። እኔ ግን የራሴን መልእክት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሎቹ አንድም ሳይሰበሩ፣ አንድም ሳይጎድሉ፣ አየር ላይ በርረው መጥተው መዳፌ ላይ ተሰልፈዋል። ወያላው «እማማ፣ ይገባሉ ወይስ ይቀራሉ?» ባይለኝ እዚያው ፈዝዤ እቀር ነበር።

መስኮት ዳር ተቀምጬ ዊንጌት እስክንደርስ ድረስ አዳዲሶቹን ሕንጻዎች አላየሁም። ያየሁት የድሮውን ማእዘን ነው። ያኔ ታክሲው ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ መልሷን ለማስቀረት ወያላው እንዳልሰማ ይሆናል። ማቆሚያው ጥግ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ምስሩ ላይ ቃሪያ ስለምታበዛ ዓይን እያስነባ ነው የሚበላው። ከእሷ ወዲህና ወዲያ ሁለት ካሴት ቤቶች ተፋጠዋል፤ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ዘፈን፣ ድምፅ ማጉያቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሲዋጉ ይውላሉ። አንዳንዴ መዝሙሩና ዘፈኑ በአጋጣሚ አንድ ምት ላይ ይገናኙና መንገደኛው ሁሉ ፈገግ ይላል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጅንስ ጉርድ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ኮት እንለብስ ነበር። አሁን ፎቶዎቹን ሳያቸው ሁላችንም የሌላ ሰው ልብስ ተውሰን የለበስን እንመስላለን።

የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አሮጌ ግቢ ውስጥ ነበር። አሁን በቦታው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ፋርማሲ ነው። ያኔ ገና ከበሩ ጀምሮ የቀለምና የላምባ ሽታ ይቀበለን ነበር። እኔ መጀመሪያ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ጽሕፈት መኪናዬን ወስደው እሱን ሰጡኝና «ኮምፒውተር ክፍል» የሚባለው መሥሪያ ቤት እኔ ብቻዬን ሆንኩ። ከበሩ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ተስፋዬ ይቀመጣል። የስልክ ኦፕሬተራችን ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ከውጭ የሚደወለውን ተቀብሎ ወደየክፍሉ ያስተላልፋል፤ የሁሉንም ደንበኛ ቁጥር በቃሉ ይዟል። ድምፁ ከመልካምነቱ የተነሣ ደንበኞች ጉዳይ ሳይኖራቸው የሚደውሉ ይመስለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ኳየር ውስጥ እሱ ወፍራሙን ድምፅ ቤዝ፣ እኔ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ አልቶ፣ ሶሎ ብቻዋን የምትዘምረው ደግሞ ምሕረት የምትባል ልጅ ነበረች። ምሕረት ነርስ ናት፤ ስትመረቅ ጅማ ተመደበች። ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ ከተስፋዬ ጋር ደጅ ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ እስኪያልቅ ሲያወሩ አየሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ተስፋዬን ወድጄው ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ እንጂ ሐፍረት አይደለም።

ኢንተርኔት ገና በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገባበት ዘመን ነው። ተስፋዬ ኮምፒውተር ተሰጥቶት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ብሬል የለመዱ ጣቶቹ ኪቦርዱን በሁለት ወር ውስጥ ተላመዱት። ለምሕረት በላቲን ፊደል አማርኛ እየጻፈ ኢሜይል ይልክላታል። እሷ ግን በላቲን አልጽፍም አለች። ጅማ ኮምፒውተር ቤት ሄዳ አዲሱን የአማርኛ መጻፊያ ተማረችና በራሳችን ፊደል ረጃጅም ደብዳቤ መላክ ጀመረች። «ናፍቀኸኛል የሚለውን በፈረንጅ ፊደል ስጽፈው የሌላ ሰው ናፍቆት ይመስለኛል» ብላዋለች በአንዱ። እንግሊዝኛ አንባቢው ፕሮግራም ግን ፊደላችንን አያውቅም። የምሕረትን ደብዳቤ ሲከፍትለት፣ በዚያ በአፍንጫው በሚወጣ የፈረንጅ ድምፁ «ኩዌስሽን ማርክ፣ ኩዌስሽን ማርክ፣ ኩዌስሽን ማርክ» እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘልቃል። በመተላለፊያው የሚያልፉ ሁሉ «ዛሬም ለተስፋዬ ጥያቄ መጣለት» እያሉ ይስቁ ነበር።

ስለዚህ አንባቢው እኔ ሆንኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬን አስጠግቼ ዝቅ ባለ ድምፅ አነብለታለሁ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አንዳንድ መስመር ላይ «እስቲ ድገሚልኝ» ይለኛል። እደግምለታለሁ። የሌላ ሴት ናፍቆት በእኔ አፍ እየወጣ ወደ እሱ ይገባል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ደብዳቤ መጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተረኝነቷ ይጀምርና መሐል ላይ እንዲህ ይላል፤ «ተስፍሽ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ሰው ወደ ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ልኳል። አባባ መልስ ስጪ እያለኝ ነው። አንተ በግልጽ ያልከኝ ነገር የለም፤ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ልጠብቅህ?» ዓይኔ ቀድሞ አየው። አፌ ዘለለው። ከዝናቡ ቀጥታ «ኳየሩን ሰላም በልልኝ» ወደሚለው ሄድኩ።

ገንዘብ ያዧ በሩ ላይ ስለቆመች ነው፣ ሰው በሌለበት አነብለታለሁ አልኩ ለራሴ። ነገ አነብለታለሁ አልኩ። በነጋታው አላነበብኩም፤ በሳምንቱም አላነበብኩም። ተስፋዬ ስለ ዝናቡና ስለ አዲሱ መዝሙራችን ጽፎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ የምሕረት ደብዳቤ እያጠረ መጣ። ደኅና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል፤ ሰላም ሁን። ተስፋዬ «ምን ሆና ነው?» ይለኛል። እኔ «ደክሟት ይሆናል» እላለሁ።

አንድ ቀን ደብዳቤ ሳይኖር ጠራኝ። «ወይንዬ፣ ይሄን ማሽን አማርኛ ማስተማር አይቻልም?»

«ማንበቤ ሰለቸህ እንዴ?»

«ኧረ ተይ! እ... እንዴት ልበልሽ። ብሬል አነባለሁ፤ ግን እሱ መጽሐፍ ነው፣ ለሁሉም የተጻፈ። ለእኔ ብቻ የተጻፈን ነገር ብቻዬን ሆኜ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ አነበበልኝ፣ ወንድሜ አነበበልኝ፣ አንቺ አነበብሽልኝ። አንዴ ብቻዬን፣ በቃ።»

እሞክራለሁ አልኩት። እሺ ያስባለኝ ደግነት አይደለም፤ ያቺ የዘለልኳት አንቀጽ ናት።

ፕሮግራም መጻፍ ጥቂት ተምሬ ነበር። ስክሪፕት የሚሉት ለማሽኑ የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ የደብዳቤ ሳጥኑን ክፈት፣ አንዱን አውጣ፣ አንብብ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ። የእኔው ስክሪፕት ሳጥኑን ይከፍታል፣ ደብዳቤ ያወጣል፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ስሕተት ነው ብሎ ቀጥ ይላል። ለማሽኑ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው፤ የማውቀው ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ሰባት ያሉትን ቁጥሮች ነው ይለኛል። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥቡና ሰረዙ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጠቃልሎ ያልቃል፤ የእኛ ከአጥሩ ውጭ ነው። የማታውቀውን ዝለል የሚል ትእዛዝ እንዳለ ከመጽሐፍ አገኘሁና ጨመርኩበት። ስሕተቱ ጠፋ። ደብዳቤውም አብሮ ጠፋ! ከአንድ ገጽ ጽሑፍ የቀሩት ክፍት ቦታዎችና አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ናቸው። ያንን ነጭ ገጽ እያየሁ ፊቴ ጋለ፤ ትእዛዙን አጠፋሁት።

ሳትዘል ጥሬውን አሳየኝ ስለው ደግሞ ዝባዝንኬ አመጣ፤ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የፈረንጅ ኤ፣ ብቻውን የቆመ ቆብ፣ የተሰባበረ ነጥብ። ስንት ቀን አፈጠጥኩበት! በመጨረሻ አንድ ነገር ታየኝ፤ ጭረት ያለበት ኤ በየሦስቱ ነው የሚመጣው። ምሕረት ሁልጊዜ የምትጀምረው «ሰላም» ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰላም ሦስት ፊደል ነው፤ ዝባዝንኬውን ስቆጥረው ዘጠኝ ሆነ። ለካ እያንዳንዱ ፊደላችን በሦስት ቁጥር ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። እኔ ጥቅሉን ሳልፈታ አንዱን አንዱን ለየብቻ ሳነብ ነበር የከረምኩት። ወደ ደብዳቤው አናት ብሄድ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሳያየው በሚያልፈው መስመር ላይ፣ በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፈ በግልጽ ሰፍሯል። ደብዳቤው እንዴት እንደሚነበብ ራሱ ተናግሮ ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። በል በተናገረው መንገድ ፍታው አልኩት። ስክሪኑ ላይ «ሰላም ተስፍሽ» ብሎ ወጣ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ለማን እንደቆምኩ አላውቅም።

ይህ ለዓይን ነው፤ ለተስፋዬ ድምፅ ያስፈልገዋል። ጥቅሉ ሲፈታ እያንዳንዱ ፊደል አንድ የራሱ ቁጥር አለው። ሀ አራት ሺህ ስድስት መቶ ስምንት ነው። ሁ ስድስት መቶ ዘጠኝ፣ ሂ ስድስት መቶ ዐሥር። ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ወረድኩ። ለ ከሀ ስምንት ቤት ርቆ ተቀምጧል። ሐ ከለ ስምንት። መ ከሐ ስምንት። ሰባቱ ድምፆች በተራቸው፣ ስምንተኛው ቦታ ለእነ ሏ፣ ለእነ ሟ። በልጅነቴ ስንደዶ ይዤ እየጠቆምኩ የቆጠርኩት የፊደል ገበታ፣ ተራው ሳይዛነፍ፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሽ ኃይሉ ሮጥኩ።

ጋሽ ኃይሉ የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ የድሮ ፊደል ለቃሚያችን ናቸው። ኮምፒውተር ሳይመጣ የእርሳስ ፊደሎችን ከየመሳቢያው አንድ በአንድ እየለቀሙ መስመር ይደረድሩ ነበር፤ በኋላ ወረቀት መጋዘን ጠባቂ አደረጓቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከትለው ወረዱ።

«ማነው ያስቆጠረው?» አሉኝ።

«ማንን ጋሼ?»

«ማሽኑን ነዋ! ፊደል የቆጠረ ሰው ነው ይሄን ያስቀመጠው። የእኔ መሳቢያ እኮ ነው ይሄ። ሸን ከሰ አጠገብ ነው ያስቀመጠው፣ አየሽ?» ኮፍያቸውን አወለቁና ወረቀቱን ሁለተኛ አነበቡት።

የፈረንጅ ፊደል ተቀጣጥሎ ነው ድምፅ የሚያወጣው፤ የእኛ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ነው። እንግዲያው አንድ ሰው ከሀ ጀምሮ ሁሉንም አንድ በአንድ ቢልልኝ፣ ስክሪፕቱ ፊደሉን በቁጥሩ ለይቶ ድምፁን ከመደርደሪያ ያወርዳል። ጋሽ ኃይሉን ለመንኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት መጋዘን ውስጥ ተቀዳን፤ እስከ ጣሪያ የተከመረው ወረቀት የካሴት ቤቶቹን ጦርነት ውጦ ያስቀረዋል። ችግሩ ጋሽ ኃይሉ ያለ ዜማ ፊደል መጥራት አለመቻላቸው ነው። «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ...»

«ጋሼ፣ ግእዝ ካዕቡ ይቅርብን።»

«እንዴት ይቀራል? እሱ ከቀረ መንገዱ ይጠፋኛል!»

እንዳሉት ቀዳኋቸውና ግእዝ ካዕቡን በኋላ ቆርጬ አወጣሁት። ዜማው ግን አብሮ አልወጣም። የመጀመሪያ ሙከራ ቀን «ጋሽ ኃይሉ ዛሬ ጎመን በሉ» ብዬ ጻፍኩና ማሽኑን አስነበብኩት። እየተደናቀፈ፣ እያዜመ፣ በሳቸው ድምፅ አነበበው። ዞረው ከኋላቸው ተመለከቱ።

«ይሄን እኔ አላልኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፁ ግን የእኔ ነው።» ወረቀት ክምር ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ስሞት ይሄ ያወራል ማለት ነው?»

ጋሽ ኃይሉ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ዛሬ ስልኩ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ተስፋዬ ግን እስከ ዛሬ ቤቱ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር አልጥልም ብሏል።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ነው የሚያነበው። ያቺም ደብዳቤ ተራዋን ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ቁልፍ ብጫን ትጠፋለች፤ ማንም አያውቅም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። በመጨረሻ እጄን አንሥቼ ተስፋዬን ልጠራ ሄድኩ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለትና ልወጣ ስል «ቆይ፣ ከተበላሸብኝስ?» አለኝ። በሩ አጠገብ ቆምኩ። ማሽኑ ጀመረ። ተስፋዬ መጀመሪያ ሳቀ። «ጋሽ ኃይሉ ናፍቀኸኛል አሉኝ እኮ!» እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም። ሁለተኛውን ሰማ፣ ሦስተኛውን ሰማ። ግንባሩ፣ ጉንጩ፣ ከንፈሩ ሁሉ ያዳምጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም፤ ለማየትም የተገባሁ አልነበርኩም። ከዚያ ቀጥ አለ። እጁ ኪቦርዱ ላይ ሄዶ ወደ ኋላ መለሰው። አሁንም መለሰው። ሦስት ጊዜ።

ማዳመጫውን አወለቀ። «ይቺ አንቀጽ አልነበረችም።»

«ነበረች።»

«አላነበብሽልኝም።»

«አላነበብኩልህም።»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ሰው ነበረ መሰለኝ የዚያን ቀን» አለኝ። የማምለጫ በር ከፈተልኝ። መውጣት እችል ነበር።

«ሰው ነበረ» አልኩት። «ግን ለሱ አይደለም። እንድትመልስላት ስላልፈለግኩ ነው።»

ገባው። ወደ ስልክ ሰሌዳው ዞረና ጅማ ደወለ። «ነርስ ምሕረትን ፈልጌ ነበር... ግዴለም፣ እጠብቃለሁ።» ረጅም ጊዜ ጠበቀ። «ምሕረት፣ ተስፋዬ ነኝ። ጠብቂኝ።» ... «አዎ። ደብዳቤሽን ዛሬ ነው ያነበብኩት።» ... «ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ ነኝ።» ስሜን አላነሣም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ ለምሕረት ስሜን አላነሣም። ምሕረት ሽማግሌዎቹን ለመስቀል እመልስላችኋለሁ ብላ ቀጥራቸው ኖሮ፣ መልሱ ተስፋዬን ነው የምጠብቀው ሆነ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «አመሰግናለሁ፣ ወይዘሪት ወይንሸት። ወደ ሥራዎ ይመለሱ።»

ወደ ሥራዎ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺ ሲለኝ፣ ወይንዬ ሲለኝ የኖረ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደኅና አደሩ፣ ይግቡ፣ ስልክ አለዎት ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አክብሮት መሰለው፤ «ተስፋዬ እንዴት ጨዋ ነው» ይሉ ነበር። ጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ገና እስኪቃረብ እርስዎ እንዳለኝ ቆየ። ኳየር ውስጥም ከአልቶዎቹ መሐል ወደ መጨረሻው ወንበር ሄድኩ።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ከተስፋዬ ኢሜይል አገኘሁ። በላቲን አይደለም፤ በአማርኛ ፊደል።

«ወይንሸት፤ ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ የአማርኛ መጻፊያውን ያስተማረችኝ ምሕረት ናት። አንድ ፊደል በጻፍኩ ቁጥር ጋሽ ኃይሉ በጆሮዬ ይጠሩልኛል፤ ስሕተት ካለበት የሳቸው ነው። ምሕረት ወደ አዲስ አበባ ተዛውራለች። ሠርጋችን ጥር ላይ ነው። ደብዳቤዋን ማጥፋት ትችዪ እንደነበር አውቃለሁ። ነይና ዘምሪልን።»

አንቺ ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ነው ሌላውን ያየሁት። «ሠርጋችን» የሚለውን በንጉሡ ሠ ነው የጻፈው። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ በጆሮ አይለዩም፤ ጋሽ ኃይሉ ሲቀዱም ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የጠሩት። ይህ ሰው ፊደል አይቶ አያውቅም፤ ስክሪፕቴም ሊነግረው አይችልም። ዓይን ያለን ሰዎች እንኳ የምናምታታውን ፊደል ከየት አምጥቶ በቦታው አስቀመጠው? ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው።

«ሠርግ በንጉሡ ሠ መሆኑን በምን አወቅክ?»

ፈገግ አለ፤ ከስንት ወር በኋላ። «መጋዘን ሄጄ ጋሽ ኃይሉን ጠየቅኳቸው። ሁለት ዓይነት አለ፣ ይሄን ቃል ግን ሰው በዕድሜው አንዴ ነው የሚጽፈው፣ አደራ እንዳትሳሳት አሉኝ። መዳፌ ላይ በጣታቸው ሣሉልኝ።» ቀኝ መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ፊደሉ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል።